የወባ ሽምብራ

አባ ወልደ ሐዋርያት የግቢውን የቆርቆሮ በር ሲያንኳኩ ቴዎ መኝታ ቤት ይገባል። ይህ በፀሐይወርቅ ቤት ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተዛነፈም። ባሏ ቴዎ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁመቱ በር ላይ ያጎነብሰዋል። በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ውስጥ፣ የአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ለመንገድና ለሕንፃ የሚሆን አፈር ይፈትሻል፤ ተማሪዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የሚስቱ የንስሐ አባት ሲመጡ ግን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በጣቱ ጫፍ ተራምዶ ይገባና በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ፀሐይወርቅም ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣና "ቴዎ የለም አባ፤ ለመስክ ሥራ ወጥቷል" ትላለች። እሳቸው "እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክለት" ብለው ይገባሉ።

ነገሩ ሲጀመር ታስቦበት አይደለም። አባ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ቀን ቴዎ ገላውን ታጥቦ በቁምጣ ቁጭ ብሎ ኳስ ያይ ነበር። ፀሐይወርቅ የንስሐ አባት መያዟን ልትነግረው ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ደረሰባት። እሱም "በቁምጣ ቄስ ፊት? የለም በያቸው!" ብሎ ዘሎ ገባ፤ እሷም ደንግጣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። አንዴ መስክ ሄዷል የተባለ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤት ብቅ ሊል አይችልም። በሁለተኛው ወር ደግሞ የመጀመሪያው ወር ውሸት እንዳይጋለጥ ገባ። ከዚያ በኋላ እየከበደ ሄደ። "እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለኝም" ይላታል በጨቀጨቀችው ቁጥር፤ "ግን ይህን ያህል ከተደበቅኩ በኋላ ምን ብዬ ልውጣ? ከየት መጣህ ቢሉኝስ?" የአዳማ ልጅ ነው፣ ቀልድ ያውቃል፤ በእሱ ላይ ሲቀለድ ግን አይወድም።

ለፀሐይወርቅ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የተጋቡት በማዘጋጃ ቤት ነው። እሷ የጎጃም ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በቁርባን ተጋብተው፣ በቁርባን ኖረው፣ በአንድ መቃብር የተቀበሩ ናቸው። ከባሏ ጋር ንስሐ ገብታ፣ አብራው መቁረብ ትፈልጋለች፤ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸውና እሱን ቤት አስቀምጣ ብቻዋን አትቆርብም። ልጃቸው ኪዲ ግን በየእሑዱ ትቆርባለች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከእናቷ ጎን እየተራመደች ትመጣና ቤት ሲደርሱ "እማዬ፣ አንቺስ መቼ ነው?" ትላለች። ፀሐይወርቅም "በቅርቡ" ትላታለች። "በቅርቡ" ማለት ከጀመረች ወዲህ ልጅቷ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ሌላ አብቅላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምታ ያደገች ሴት ናት፤ የእሷ ቤት እንቁላል ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ከተኛበት አልተነቃነቀም።

ሌላው ችግር የአባ ጆሮ ነው። ከሁለተኛው ጉብኝታቸው ጀምሮ ሽማግሌው እንደማይሰሙ ፀሐይወርቅ አውቃለች፤ ካልደነቆረ በቀር እንዲያ የሚጮህ ሰው የለማ! ቤቱ የኪራይ ቤት ነው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት፣ መሐሉ በቺፑድ የተከፈለ። ሦስት ሰው የሚሞላው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ወንጌሉን ሲያብራሩላት ድምፃቸው የዐውደ ምሕረት ስብከት ነው። እሷም እንዲሰሟት ትጮኻለች። "ልጅሽ ደህና ናት?!" "ደህና ናት አባ!" "ትማራለች?!" "ትማራለች!" የወዲያኛው ግድግዳ ጎረቤት እትዬ ፅጌ ማርያም በማግስቱ ውኃ ስትቀዳ ታገኛትና "ትናንት ደግሞ ስለ ጠፋችው በግ በደንብ ተማርን" ትላታለች፤ ማመስገኗ ይሁን ማሽሟጠጧ አይታወቅም። ፀሐይወርቅ ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ አምጥታ ሰጥታቸዋለች። አመስግነው በኪሳቸው ከተቱት፤ በሚቀጥለው ወር መጥተው ያው ጮኹ።

አባ ሌላም አመል አለባቸው፤ ተረት ከጀመሩ አይጨርሱም። በጣም ከሚጣፍጠው ቦታ ሲደርሱ ብድግ ብለው "የቀረው ለወር" ይላሉ። ባለፈው ወር የጀመሩት የአገራቸውን ሰው ታሪክ ነበር። ማክሰኝት አጠገብ መርስዔ ኀዘን የሚባል ገበሬ ነበረ። ከገበያ ምርጥ የሽምብራ ዘር ገዝቶ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈሩ ላይ ዘራ። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለው፤ ሄዶ አንዱን ፍሬ በጣቱ ቆፍሮ አየው። አብጧል፣ ግን አልበቀለም። መልሶ ቀበረው። በማግስቱ ሌላውን ቆፈረ፣ በሣልስቱ ደግሞ ሌላውን፤ እንዲህ እያለ የማሳውን እኩሌታ በጣቱ አገላበጠው፤ የተቆፈረው ሁሉ እርጥበቱን አጥቶ ደረቀ። ሚስቱ "አንተ ሰውዬ፣ ዘራህ ወይስ ፍለጋ ላይ ነህ?" አለችው። በዚህ መሐል ወባ ያዘው፤ ከአልጋ ጣለው። "ማሳውም ያለጠባቂ ቀረ!" ብለው ጮኹ አባ፣ በትራቸውን አንሥተው፤ "የቀረው ለወር!" ከዚያ ቆመው ሳሉ፣ በዚያው ድምፃቸው፣ የሚቀጥለው ወር ጉብኝት የመጨረሻቸው እንደሚሆን ነገሯት። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል። ከጣና ደሴቶች በአንዱ ባለ ገዳም ሊመነኩሱ ነው፤ ከዚያ ጉብኝት በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት በጀልባ ይሄዳሉ። ፀሐይወርቅ የዚያን ማታ እራት አልበላችም። ቴዎ ግን በላ፤ በልቶም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ጥቁር አፈር እርጥበት ይይዛል፤ ካልነካካኸው ነው ታዲያ" አለ። የላቦራቶሪ ነገሩ መስሏት አልመለሰችለትም።

እነሆ ያ ቅዳሜ ደረሰ። የኅዳር ፀሐይ ገና ከጠዋቱ ወገቧን እያሞቃት ፀሐይወርቅ ቅዳሜ ገበያ ወረደች። ቲማቲም ሰባ ብር ገብቷል፤ ሽንኩርቱን ስትጠይቅ ሻጯ ዋጋውን ነግራት ራሷም ሳቀች። ለአባ የሚሆን ወፍራም የሱፍ ካልሲና የእጅ ባትሪ ፈለገች፤ በደሴት ላይ ማታ ጨለማው እንዴት ይሆን ብላ ሌሊቱን ስታስብ አድራለች። ባትሪ ሻጩ ጎልማሳ አምስት መቶ ብር አላት። ሦስት መቶ አለችው። "እትዬ፣ ይህ እኮ ዝናብ የማይፈራው ነው" አላት። "እሳቸውም ዝናብ አይፈሩም፤ ግን ወደ ገዳም ስለሚሄዱ ነው" አለችው። ሰውየው ባትሪውን አገላብጦ አየው። "ለመነኩሴ ነው እንዴ? እንግዲያስ በአራት መቶ ውሰጂ፤ ድንጋዩን እኔ አጎርሰዋለሁ፤ በጸሎት ያስቡኝ፤ ስሜ ገብረ ሕይወት ነው በያቸው።" አራት ድንጋይ ከተተላትና ሁለት ለመጠባበቂያ ጨመረላት። ባጃጅ ይዛ በሐይቁ ዳር ስትመለስ ውኃው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ጀልባዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሰኞ ከእነዚህ አንዷ ትወስዳቸዋለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አይቷት "ሽንኩርቱ ነው አይደል? እኔንም ዛሬ አስለቅሶኛል" አላት፤ ሳቀች።

ቤት ስትደርስ ቴዎ ነጭ ሸሚዙን ይተኩሳል። ኪዲ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሯን እያንጎራጎረች ጸጉሯን ለመሠራት ትጠብቃታለች። ፀሐይወርቅ ልጇን ሠርታ፣ አልብሳ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ሸኘቻት። ከዚያ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ለአንድ ሰዓት ያህል የተነጋገሩት "ካውያውን ንቀል"፣ "ነቅያለሁ" ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ዝምታው ራሱ ነቅዞ ዱቄት ሊሆን ደርሷል። በመጨረሻ እሷ፣ ፊቷን ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያው አዙራ፣ "ዛሬ የመጨረሻቸው ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ከዚህ በኋላ ሌላ አባት ፈልጌ፣ እንደገና ሀ ብዬ ልዋሽ አልችልም።"

ቴዎ ሸሚዙን በመስቀያ ሰቀለው፤ ኮሌታውን ነካካው። እሷም የመጣባትን ሁሉ በሆዷ ቆጠረች። ሰውየው ከሁለት ዓመት ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም ይላታል፤ "ጨጓራዬ ነው" ይላል፤ ጨጓራው ቀን መርጦ የሚታመም ጨጓራ ነው። ከአራቱ የምግብ ወንበሮች አንዱን መኝታ ቤት አስገብቶ ግድግዳው ሥር ገትሮታል፤ እሷ ታወጣዋለች፣ እሱ ይመልሰዋል፤ ልብስ መደርደሪያ ነው ይላታል፤ አንድም ልብስ ግን ተደርድሮበት አይታ አታውቅም። በቀደም ደግሞ ኪዲ ለጎረቤት ልጅ ብስኩት ብትከለክል "ሁለት ያለው ለሌለው አንዱን ይስጥ" ብሎ ተቆጣት፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ መፈክር ለጥፎ ይሆናል ብላ ዝም አለች። እንግዲህ የሰው ባል ቁርባን ገበታ ላይ ሲቀርብ፣ የእሷ ባል ከጨጓራና ከወንበር ጋር ቀረ። እንደዚህ እያሰበች መጥረጊያውን አነሣች።

ንዴት ሲይዛት ታጸዳለች። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነውና ቤቱ አምሮ እንዲሸኛቸው ፈልጋ ሳሎኑን ጠርጋ፣ ምንጣፉን አራግፋ፣ ደጃፉ ደረሰች። ደጃፉ ላይ የቴዎ ጫማ አለ። ሁልጊዜም አለ። ቡናማ ቆዳ፣ ቁጥር አርባ አራት፤ የፔዳ ጭቃ ቤት እንዳይገባ ባወጣችው ሕግ መሠረት ከበሩ ውጭ፣ በስተግራ ይቀመጣል። ከማየት ብዛት አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን አስጠላት፤ በጭቃ ተለውሶ፣ አንዱ በጎኑ ወድቆ፣ ለሽኝት ቀን የማይሆን ነገር። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ አልጋው ሥር ወረወረችው። ቴዎ ገላውን እየታጠበ ነበርና አላያትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ቴዎ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ገባ፤ የመኝታ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ፀሐይወርቅ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችና ወጣች። አባ ነጭ ጥምጣማቸውን አጥብቀው አስረዋል፤ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ወለሉን አዩት። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ፊታቸው ላይ እንደ ደመና ያለ ነገር አልፎ ሄደ። ገብተው በተለመደው ወንበራቸው፣ ለቺፑዱ ግድግዳ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

"እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ" አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ከሰው ጋር እንደሚያወራው።

ታመዋል ማለት ነው፣ አለች ፀሐይወርቅ በልቧ። "አባ፣ ምነው! አሞዎታል ወይ!" ብላ በለመደችው ልክ ጮኸች።

"አትጩኺ፣ ልጄ። ጆሮዬስ ይሰማል።"

"ታዲያ... እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬማ ጫማው በር ላይ ነበራ።"

የሻይ ማንቆርቆሪያው በእጇ እንዳለ ቆመች። አባ ሳቅ ብለው ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። "በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት። ጫማው እደጃፉ ተቀምጦ ሰውየው መስክ ሄደ ሲሉኝ፣ በባዶ እግሩ አይሄድ አልሁ በልቤ። ግድግዳሽ ደግሞ ስስ ነው። ላንቺ የምነግርሽን ትንሽ ከፍ ባደርገው ለእሱም ይደርሳል ብዬ ነው። ጉሮሮዬን ግን ጎዳኝ፣ አልዋሽሽም። ያን የጆሮ ጠብታ የሰጠኋቸው መሪጌታ በጣም ተሻላቸው።"

"ምነው ታዲያ አልጠሩት?" አለች፤ ሳታውቀው እሷም ድምፅዋ አንሶ። "ና ውጣ ቢሉት እኮ..."

"ዘር ጥሎ ና ውጣ ይባላል እንዴ?"

ፀሐይወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ የዋሸችው ውሸት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ተደረደረ፤ መስክ፣ ስብሰባ፣ አዳማ እናቱ ታመው፣ አንዴም የጥርስ ሐኪም። "ይፍቱኝ አባ" አለች፤ "ብዙ ዋሸሁ።" እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም እያወቅሁ አሜን ስል ኖሬያለሁ፤ ማን ይፍታኝ?" ብለው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ሞተ። ደጃፉን መልሰው አዩት። "ዛሬስ እውነትም ወጥቷል። መሰናበቴን ሰምቶ ከብዶት ይሆናል። ብቻ አንድ ጊዜ ዓይኑን አይቼ ልሄድ እመኝ ነበር። ይሁን፣ በሰላም ይመልሰው።" እንግዲህ እዩት የሰውን ነገር፤ ስድስት ዓመት ስትዋሽ አንድ ቀን ያላመኗት አባት፣ ዛሬ አፏን ሳትከፍት አመኗት።

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ፀሐይወርቅ እንደ ልማዷ ድምፁን ለመሸፈን ሳል አለች። "ውስጥ ነው" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ድንገት ንዴቷ ተመልሶ መጣ። ይቅርበት! ለካ ሲሰማ ኖሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይውን እየጠጣ፣ በነፃ፣ ከእሷ ጩኸት ጋር ሰምቷል። ዛሬ ለአንዲት ቀን ይቅርበት። ክፉ ሐሳብ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ጣፈጣት። "የሽምብራውን ይንገሩኛ፣ አባ" አለች፤ በሹክሹክታ።

አባ ሻያቸውን ፉት አሉ። "ሃያ አንድ ቀን ተኛ" አሉ ቀስ ብለው፤ "ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ ይቃዣል። ሲቃዥም ቆፍሩልኝ፣ እዩልኝ ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም፤ ሚስቱ እሱን ታስታምም ወይስ ሽምብራ ትቆፍር? በሃያ ሁለተኛው ቀን በምርኩዝ ወጣ። ያ በጣቱ ሲፈትሸው የነበረው እኩሌታ ደርቋል። ያልደረሰበት እኩሌታ ግን እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ማን አበቀለው? እሱ ተኝቷል። ሚስቱ ቤት ናት። ተንበርክኮ አለቀሰ። ያገሬ ሰው ያን ማሳ እስከ ዛሬ የወባ ሽምብራ ነው የሚለው፤ ወባ ባይዘው ኖሮ አንዲት ፍሬ አትተርፍም ነበር።" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ገበሬው አባቴ ናቸው። እሸቱን የበላሁት እኔ ነኝ። ወደዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር እጄን እየበላኝ፣ እስኪ ያንን በር ልክፈተውና ልየው እያልሁ፣ አባቴን አስታውሼ እተወዋለሁ። የመንግሥቱም ነገር እንዲሁ ነው፣ ልጄ፤ እኛ እንተኛለን እንነሣለን፤ እንዴት እንደሚያድግ ያየነው ነገር የለም።"

ፀሐይወርቅ ያን ጊዜ ተጸጸተች፤ ይህን እሱ መስማት ነበረበት። አፏን ከፈተች። ከእሷ በፊት ግን የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ቴዎ በካልሲ፣ አንገቱን ለበሩ ጎንበስ አድርጎ ቆመ። የተተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እስከ ላይኛው ቁልፍ ዘግቶታል። የሻይ ብርጭቆው በእጁ ነው። ፊቱ ደም መስሏል። አባን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ መሬት አየ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባ" አለ። "ዛሬ ድምፅዎ... እዚያ አይደርስም። ሽምብራው ምን ሆነ?"

አባ ወልደ ሐዋርያት ለአፍታ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ጥምጣማቸው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ በስድስት ዓመት ድምፃቸው፣ ምናልባትም ከዚያ አብልጠው፣ "በቀለ!" ብለው ጮኹ። "በቀለ፣ ልጄ! በቀለ!"

ከወዲያኛው ግድግዳ "እሰይ! ተመስገን!" የሚል የእትዬ ፅጌ ማርያም ድምፅ መጣ። "እኛም እኮ ተጨንቀን ነበር! ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ?"

ፀሐይወርቅ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቴዎ ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት፣ በመጨረሻ ለሚስቱ አቀበላትና ተንበርክኮ መስቀሉን ተሳለመ። አባ የት ነበርህ አላሉትም። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ቆዩ። "እኔ ሰኞ እሄዳለሁ" አሉት ኋላ፤ "ግን የሚለየን ሞት አይደል፣ ውኃ ነው። ጀልባው ማለዳ ይነሣል። ሦስታችሁ ትመጣላችሁ።" ቴዎ ቀና ሳይል "እመጣለሁ" አለ፤ ቆይቶም፣ "ዛሬ ግን ጊዜ ካለዎት... ብዙ ነው የምነግርዎት" አለ። አባ ወደ ፀሐይወርቅ ዞረው በእጃቸው የመኝታ ቤቱን በር አሳዩዋት። ንስሐ በሁለት ሰው መካከል ነውና ሦስተኛ አይቆምበትም። ብርጭቆውን እንደያዘች፣ በጣቷ ጫፍ ተራምዳ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ወንበሩ ግድግዳው ሥር እንደተገተረ ነው። ተቀመጠችበት። የአልጋ ትራስ ታጥፎ ተደርጎበታል፤ መሐሉ ተጎድጉዷል። ቀና ስትል ቺፑዱ ላይ፣ ቁጭ ያለ ረጅም ሰው ራሱን በሚያስደግፍበት ቁመት ላይ፣ የጸጉር ቅባት ያጠቆረው አንድ ክብ ምልክት አየች። የመዳፍ ያህል ነው። በየሳምንቱ ቤቱን የምትወለውል ሴት ይህን አላየችም ነበር፤ ወንበሩን ለማውጣት ስትታገል ግድግዳውን ያየው ማን ነው? እጇን ዘርግታ ነካችው። ስድስት ዓመት ይህን ያህል ሆኗል ማለት ነው። ደስ አላት፤ ለነገሩ ሌላ ስም የለውም።

ከሳሎን ሹክሹክታ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። የቴዎ ወፍራም ድምፅ ይነሣል፣ ይቆማል፤ አባ አንድ ነገር ይላሉ። ምን ይሆን የሚላቸው? ስለ እሷስ ይነግራቸው ይሆን? ራሷን ቀስ አድርጋ ወደ ጥቁሩ ምልክት አስጠጋች፤ ጆሮዋ ሊነካው አንድ ስንዝር ሲቀረው የማክሰኝቱ ገበሬ ትዝ አላት። "ቆፋሪ!" ብላ ራሷን ተቆጣችና ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ጫማዎቹን ሳበች፤ አሮጌ ጨርቅ ፈልጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሰኞ ማለዳ ጀልባ አለ፤ ለአባ ካልሲውንና ባትሪውን ያን ጊዜ ትሰጣለች፤ ጫማዎቹ ግን በዚህ ጭቃ አይወጣባቸውም። ከግድግዳው ወዲያ የሚባለውን ሳትሰማ መወልወል ጀመረች።